ካርዱን የሚቀበለው ክሊኒክ እንዳይዘጋ

የመንግሥት የጤና መድን የሚታወጀው በዋና ከተማ ነው፤ እውነቱ የሚታወቀው ግን በትንሽ ከተማ ክሊኒክ የካርድ ክፍል መስኮት ላይ ነው። የታመመ ልጇን አዝላ የመጣች እናት የመድን ካርዷን ስታቀርብ «ይግቡ» ከተባለች መድን አላት። «ይህን አንቀበልም» ከተባለች በእጇ ያለው ወረቀት ብቻ ነው። ትልቅ ከተማ ውስጥ ሌላ ክሊኒክ ይፈለጋል። ያለው አንድ ክሊኒክ ብቻ ከሆነ ግን ሴትዮዋ ወዴት ትሂድ?

ካርዱን አልቀበልም ያለውን ክሊኒክ መውቀስ ይቀናናል። የእኔ ወቀሳ ግን ከፋዩ የመድን ተቋም ላይ ነው። የነርሷ ደመወዝ በየወሩ ይከፈላል፤ መድኃኒት አከፋፋዩም ገንዘቡን አይቶ ነው የሚያስረክበው። የመድን ተቋሙ ግን ሰነድ ይመረምራል፣ ይመልሳል፣ እንደገና ይጠይቃል፤ ወራት ያልፋሉ። ትልቅ ሆስፒታል ውዝፉን ተሸክሞ ሊቆይ ይችላል። ትንሹ ክሊኒክ ግን መጀመሪያ መድኃኒት ያልቅበታል፣ ቀጥሎ ባለሙያ ይለቅበታል፤ በመጨረሻ በእጁ ከሚከፍለው ታካሚ በቀር ሌላውን ማስተናገድ ያቅተዋል። ክፉ ሰው ስለሚያስተዳድረው አይደለም፤ ካዝናው ባዶ ስለሆነ ነው።

የክፍያው ዓይነትም ከጊዜው ያላነሰ ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ምርመራ ብቻ የሚከፈለው ሐኪም ቶሎ ቶሎ ማየት ይጠቅመዋል፤ ያልመጣውን ሰው የሚፈልግበት ምክንያት የለውም። ጁሊያን ቱዶር ሃርት በዌልስ ግሊንኮሩግ በምትባል የከሰል ማዕድን ሠራተኞች መንደር ለብዙ ዓመታት የሠራ ሐኪም ነበር። የብሪታንያ ሐኪሞች በዋናነት የሚከፈላቸው በተመዘገበላቸው ሰው ቁጥር ነበር፤ እሱም ታመምኩ ያላለውን ሁሉ እየፈለገ የመንደሩን አዋቂዎች ከሞላ ጎደል በሙሉ ደም ግፊታቸውን ለካ። እ.ኤ.አ. በ1971 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የጻፈው ደግሞ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፦ ጥሩ ሕክምና የሚገኘው በብዛት ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች ርቆ ነው፤ ገበያ በገነነበት ደግሞ ይብሳል።

ታይላንድ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ለሕዝቧ ሁሉ መድን ስታዳርስ ታካሚው በአንድ ጉብኝት የሚከፍለው 30 ባት ብቻ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚወራው ይኸው 30 ባት ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከዚያ በፊት የነበረው የአሥርተ ዓመታት ሥራ ነው፤ የገጠር ጤና ጣቢያዎችና የወረዳ ሆስፒታሎች ቀድመው ተሠርተው፣ አዲስ ሐኪሞችም ወደ ገጠር እየተመደቡ ነበር። ካርዱ ሲታደል የሚቀበለው በር ነበረ።

በሰው ቁጥር መክፈልም እንከን አለው፤ ብዙ መዝግቦ ጥቂት የሚያይ ይኖራል። ቁጥጥር ያስፈልገዋል። ቢሆንም ሐኪሙንና ታካሚውን ለረጅም ዓመታት ያስተሳስራል፤ ይህ ደግሞ ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ፣ 4.5 ሚሊዮን ያህል ኖርዌያውያንን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው፣ ከአንድ ሐኪም ጋር ከ15 ዓመት በላይ የቆዩ ሰዎች አንድ ዓመት ብቻ ከቆዩት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ25 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር፤ በድንገት ሆስፒታል የመግባት ዕድላቸውም እንዲሁ ዝቅ ያለ ነው። በውዝፍ ዕዳ ምክንያት ሐኪሙ በየዓመቱ የሚቀያየርበት ክሊኒክ ይህን ከየት ያመጣዋል?

ስለዚህ በመድን ሕጉ ውስጥ አንድ አንቀጽ እንዲገባ እጠይቃለሁ። ለትንንሽ ክሊኒኮች የተመዘገበው ሰው ቁጥር ታይቶ ገንዘቡ በየሩብ ዓመቱ መጀመሪያ በቅድሚያ ይከፈል፤ የሰነድ ምርመራው ከዚያ በኋላ ይቀጥል። መዋጮውን ያዘገየ አባል ካርዱ ይታገድበታል። ክፍያውን ያዘገየ የመድን ተቋምም ለክሊኒኩ ወለድ ይክፈል።