በየአስር ደቂቃው የሚከፈል ትካዜ

ዛሬ ሰው ሁሉ የሚያማቸውን ሰዎች ላመሰግን ተነስቻለሁ። በኦንላይን የፋንታሲ ጌም ሰርቨር ላይ፣ መጠጥ ቤቱ ውስጥ፣ እሳቱ ዳር ተቀምጠው የሚተክዙትን። ጌም የምትጫወቱ ታውቋቸዋላችሁ። ሰርቨሩ «እዚህ ሮልፕሌይ ግዴታ ነው» ብሎ ደንብ ሲያወጣ ሳያጉረመርሙ የተቀበሉ እነሱ ናቸው። ሮልፕሌይ ለሚያደርግ ሰው በየአስር ደቂቃው 50 ኤክስፒ እንደሚሰጥ የተነገረ ዕለት ደግሞ ጭራሽ ከደንቡ ጋር ፍቅር ያዛቸው።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ኤክስፒ የልምድ ነጥብ ነው። ካራክተርህ ጭራቅ ሲገድል፣ ተልዕኮ ሲፈጽም ነጥብ ያገኛል። ነጥቡ ሲጠራቀም ሌቭሉ ያድጋል። ሌቭሉ ሲያድግ ትልቅ ጭራቅ ይገድላል። ሮልፕሌይ ደግሞ ካራክተርህን ሆነህ ማውራት ነው፤ መፍራት፣ መኮራረፍ፣ መታረቅ። ጭራቅ መግደል ነጥብ አለው፣ መኮራረፍ የለውም። ስለዚህ ሕዝቡ በሙሉ ከከተማው ሥር ባለው የፍሳሽ ቱቦ ገብቶ አይጥ ሲገድል ይውላል። ከላይ ከተማው ወና ሆነ። ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው አድሚን አወጣ፣ አወረደ። በመጨረሻ መላ አገኘ፦ ለወሬውም እንክፈል።

(አይጥ ገዳዮቹንም አልንቃቸውም። አራት ሺህ አይጥ ፈጅቶ ታላቅ ጠቢብ መሆን ቀላል ነገር አይደለም። አንዱን ካራክተሬን ሆኜ «ጌታዬ፣ ከመጨረሻዋ አይጥ ምን ተማሩ?» አልኩት። «አትረብሸኝ፣ ለሌቭል ትንሽ ነው የቀረኝ» አለኝ። ጠቢብ ነገር አያበዛም።)

እንግዲህ ወደ መጠጥ ቤቱ እንግባ። ከእሳቱ አጠገብ የተቀመጡት የ300 ዓመት ኤልፍ (ዕድሜ ጠገብ የተረት ፍጡር) ናቸው። በዚህ ዕድሜ አንቱ ማለት ግድ ነው። ልክ አስር ደቂቃ ሲሞላ ቻቱ ላይ አንድ መስመር ትመጣለች፦ «ወደ እሳቱ እያየ ይተክዛል።» ከዚያ ጸጥታ። አስር ደቂቃ ሲሞላ ደግሞ፦ «ወደ እሳቱ እያየ ይተክዛል።» መጀመሪያ ሳያቸው ሆዴ ባባ። የሞተ ልጅ፣ የጠፋ አገር፣ የከዳ ወዳጅ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ «አባቴ፣ ምን ነክቶዎት ነው እንዲህ ያዘኑት?» አልኳቸው። መልሳቸው ከሰባት ደቂቃ በኋላ መጣ። ወደ እሳቱ እያዩ ተከዙ።

ከእሳቸው ማዶ አንድ ፈረሰኛ አለ። የእሱ ድርሻ «ኩባያውን ያነሳል» ነው። አንድ ምሽት ሥራ ፈትቼ ቆጠርኩለት። በሦስት ሰዓት ውስጥ 18 ጊዜ አነሳ። አንድ ጊዜ እንኳ አላስቀመጠም። ይህ ኩባያ እስካሁን ጣሪያውን በስቶ ሳይወጣ አልቀረም። ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ጠንቋይ አለች። እሷ «በምስጢር ፈገግ ትላለች።» ምስጢሩ 50 ኤክስፒ ነው።

በዚያው ምሽት አንዲት አዲስ ልጅ በሩን በርግዳ ገባች። ገና ሌቭል 1 ነች። «ድልድዩን አቃጠሉት! ወንድሜ ማዶ ቀርቷል፣ እባካችሁ አንድ ሰው ይከተለኝ!» ብላ ጻፈች። ከልቧ ነበር፤ ከመቸኮሏ የተነሳ ሁለት ፊደል ዘላለች። እንደ ዕድል ሆኖ አስር ደቂቃው የሞላው ያኔ ነው። ኤልፉ ተከዙ። ፈረሰኛው ኩባያውን አነሳ። ጠንቋይዋ በምስጢር ፈገግ አለች። ሰባት ሰው በአንድ ሴኮንድ! ተለማምደው እንኳ እንዲህ አይገጥምላቸውም። ልጅቷ ጠበቀች። «ሰው የለም እንዴ?» አለች። ማንም «የለም» አላላትም፣ ስለሌለ። ኤልፉን የሚያጫውተው ሰው ቤቱ አልጋው ላይ ተዘርሯል። የምትተክዘው አንዲት ትንሽ ማክሮ፣ በራሷ የምትሠራ የኮምፒውተር ትዕዛዝ ነች፤ ሰዓቷን ጠብቃ መስመሯን ትልካለች።

አንዳንዱ ይህን ማጭበርበር ይለዋል። እኔ ትጋት እለዋለሁ። ስሌቱን አብረን እንሥራው። እ.ኤ.አ. በ2002 ኔቨርዊንተር ናይትስ የተባለው ጌም ሲወጣ ተጫዋቾች የራሳቸውን ዓለም ሠርተው የራሳቸውን ሰርቨር እንዲከፍቱ መሣሪያውን አብሮ ሰጥቷቸው ነበር። እዚያ ሌቭል 20 ለመግባት 190,000 ኤክስፒ ያስፈልጋል። የእኛም ሰርቨር በዚሁ ሰንጠረዥ ይሠራል። ለ50 አካፍሉት። 3,800 ትካዜ ነው። 26 ቀንና ሌሊት እሳት ላይ ካፈጠጥክ፣ ዝንብ ሳትነካ ዘንዶ መግደል ትችላለህ ማለት ነው። እስቲ የትኛው የጦር ትምህርት ቤት ነው እንዲህ የሚያስመርቅ?

ደግሞ ነውሩ ዛሬ የተጀመረ አስመስለው የሚያወሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1974 ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን፣ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚጫወቱትን የሮልፕሌይ ጌም ሲያወጡ አብዛኛው ኤክስፒ የሚገኘው ከገንዘብ ነበር። ከዋሻ ያወጣኸው አንድ የወርቅ ሳንቲም አንድ ነጥብ ነው። ጭራቁን የገደለው ሳይሆን ሳጥኑን ይዞ የሮጠው ነበር ልምድ የሚያካብተው። እ.ኤ.አ. በ1978 እንግሊዝ አገር፣ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሮይ ትራብሾው የጀመረውና ሪቻርድ ባርትል የቀጠለው ሙድ የሚባል በጽሑፍ የሚሠራ ጌም ላይ ደግሞ ውድ ዕቃ ለቅመህ ረግረግ ውስጥ ትጥላለህ፤ በዚያ ነጥብ ይሰጥሃል። ነጥቡ ሲበቃህ ዊዛርድ (ጠቢብ) ትሆናለህ። ወርቅ ጭቃ ውስጥ የጣለ ሰው ጠቢብ ከተባለ፣ እሳት ያየ ሰው ምን አጠፋ?

ያው ባርትል እ.ኤ.አ. በ1996 ተጫዋቾችን በአራት ከፈላቸው፦ ማዕረግ የሚያሳድዱ፣ ዓለሙን የሚያስሱ፣ ሰው የሚፈልጉ፣ ሰው የሚገድሉ። ጥሩ ጽሑፍ ነው። አምስተኛውን ግን ረስቶታል፦ ራሱን ወክሎ ማክሮ የሚልከውን።

በተረፈ ሳይንስም ቢሆን ሰው ማስፈራራት ይወዳል። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ አንድ የሥነ ልቦና ጥናት አለ። ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን ወስደው ለአንዳንዶቹ «ከሣላችሁ ምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» አሏቸው። ሣሉ፣ ተሸለሙ። ከቀናት በኋላ ወረቀትና ቀለም በነጻ ሲቀርብላቸው፣ ምንም ቃል ካልተገባላቸው ልጆች ግማሽ ያህሉን ጊዜ ብቻ ሣሉ። ምስክር ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ጥሩ ተጫዋች»። እውነቴን ነው። እኔ ግን ልጆቹን አልፈርድባቸውም። በነጻ ማን ይሥላል?

የእኛ አድሚን ይህን ጥናት ያነበበ አይመስለኝም፤ ተስፋ ባለመቁረጡ ግን አደንቀዋለሁ። መጀመሪያ «አጭር መስመር አይቆጠርም» አለ። ኤልፉ በማግስቱ ስለ እሳቱ፣ ስለ ፍሙ፣ ስለ አመዱ አንድ ሙሉ አንቀጽ ጻፉ። አንቀጹ እየተደጋገመ በየአስር ደቂቃው መጣ። ቀጥሎ «እርስ በርሳችሁ ድምፅ ስጡ» አለ። እከክልኝ ልከክልህ ሆነ፤ ፈረሰኛው ለጠንቋይዋ፣ ጠንቋይዋ ለፈረሰኛው። ለወር ያህል ሳይነጋገሩ ተመራረጡ።

ከዚያ ዲኤሞች መጡ። ዲኤም ማለት ከላይ ሆኖ ታሪኩን የሚመራ፣ ደስ ያለውን ትወና አይቶ ኤክስፒ የሚረጭ ሰው ነው። ይሄኛው በጣም ያማረ ጊዜ ነበር። ዲኤም ገባ የተባለ እንደሆነ የሁሉም ሰው እናት በአንድ ጊዜ ትሞታለች። አደባባዩ በለቅሶ ይናወጣል። አንዱ መሐላ ይምላል፣ አንዱ ሰይፉን ሰብሮ ይጥላል፣ ሁለት ሰዎች የጠፋ ወንድማማች መሆናቸውን ደርሰውበት ይተቃቀፋሉ። ዲኤሙ ሲወጣ ሟቾች ይነሳሉ፤ የተሰበረው ሰይፍ ይጠገንና ሁሉም ወደ አይጡ ይመለሳል።

አድሚኑ በመጨረሻ ተናደደና 50ውን ወደ 20 አወረደው። ይህን እንኳ በዘዴ ማድረግ ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተባለው የኦንላይን ጌም ገና በሙከራ ላይ እያለ፣ ብዙ ሰዓት የተጫወተ ሰው ኤክስፒው በግማሽ ይቀነስበት ነበር። ተጫዋቹ ጮኸ። ሠሪዎቹ ቁጥሩን ሳይሆን ስሙን ቀየሩት። ሙሉው «ያረፈ ሰው ጉርሻ» ተባለ፣ ግማሹ ደግሞ «የተለመደው»። ሁሉም ደስ አለው። የእኛው ሰውዬ ግን ይህን ጥበብ አያውቅም፤ በግልጽ ቆረጠ። ተካዦቹ ሁለተኛ ኮምፒውተር አምጥተው ሁለተኛ ኤልፍ አስቀመጡ። በእውነት የሚያወሩት ጥቂት ሰዎች ግን ሁለት እጅ ብቻ ስላላቸው 20ዋን ይዘው ቀሩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ያውም አይጥ በሞላበት አገር።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ ክፉ ነገር ደረሰ። የሰዓት ቆጣሪው ተበላሸ። «እስኪጠገን ድረስ ለሮልፕሌይ ኤክስፒ የለም» የሚል ማስታወቂያ ወጣ። በአንድ ሰዓት ውስጥ መጠጥ ቤቱ ጭር አለ። የ300 ዓመት ሐዘን ከኤልፉ ላይ ድንገት ለቀቀላቸው፤ ፍሳሽ ቱቦ ውስጥ በቀስት አይጥ ሲያሳድዱ አየኋቸው። በጣም ደስተኛ ነበሩ። ፈረሰኛውም ኩባያውን ባነሳበት ትቶት ሄደ።

ከእሳቱ ዳር የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ድልድይ የተቃጠለባት ልጅና አንድ አናጢ ድዋርፍ (ድንክ የተረት ፍጡር)። ድዋርፉ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ሲያያት ቆየና «ወንድምሽ ስሙ ማን ነው?» አላት። ነገረችው። ተያይዘው ወደ ወንዙ ወረዱ። እኔም ከኋላ ተከተልኩ። ስለ እንጨቱ ተከራከሩ፤ እሷ ጥድ ይሻላል አለች፣ እሱ ጥድ ውሃ አይችልም አለ። እግሩን ውሃው ውስጥ እንዲያስገባ ስትጠይቀው የማያልቅ ሰበብ ደረደረ። ድዋርፉ ውሃ ይፈራል ለካ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ደበቃት። በሦስተኛው ሰዓት አወጣው። ሳቀችበት። ከዚያ ግንዱን ጫፍና ጫፍ ይዘው አብረው ገቡ።

«ይሄ እኮ አይከፈልበትም» ልላቸው ፈልጌ ነበር። አሳዘኑኝ። ቆጣሪው ከሦስት ቀን በኋላ ተጠገነ፣ መጠጥ ቤቱም ሞላ፣ ኤልፉም ወደ ሐዘናቸው ተመለሱ። ሁለቱ ግን አልሰሙም መሰለኝ፤ አሁንም ወንዙ ዳር ናቸው። ቆጣሪው ደግሞ የሚቆጥረው መጠጥ ቤት ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ሌቭላቸው እስከ ዛሬ 3 ነው።