ለመንገድ ዳር አሰልጣኞቻችን

ጅማ ውስጥ ሴቶች ስፖርት የማይሠሩት አሰልጣኝ ስለሌለ ነው የሚል ሰው ከተማዋን አያውቃትም። ከፈረንጅ አራዳ ጀምሮ ወደ ጅሬን እስከሚያወጣው መንገድ ድረስ በየበረንዳው አሰልጣኝ ተቀምጧል። ደመወዝ አይጠይቅ፣ ቱታ አይለብስ፣ ፊሽካ የለው። ጠዋት አንድ ስኒ ቡና፣ ከሰዓት አንድ ዙርባ ጫት፣ ከዚያ ሥራ ነው።

የእህቴ ልጅ 16 ዓመቷ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ትሮጣለች። ረጅም ቀሚስ፣ ከሥሩ ሱሪ፣ ሒጃብ፣ ከዚያ የወንድሟ ስኒከር። ጫማው ስለሚሰፋት ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቃበታለች። ገና ከቤት ወጥታ መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ሥልጠናው ይጀመራል።

«ማን አባሮሽ ነው?» ይላል አንደኛው።

«ቀስ በይ፣ አስፋልቱ የመንግሥት ነው!» ይላል ሁለተኛው።

ባለባጃጁ ደግሞ ፍጥነቱን ቀንሶ ከጎኗ ይነዳል። «ላድርስሽ?» እስቲ በሞቴ፣ ሯጭ ገና ሳይደክማት ትራንስፖርት የሚቀርብላት የት አገር ነው?

አለባበስ ላይም እንዲሁ ይደክሙልናል። ሱሪ ብቻ ለብሳ የሮጠች ልጅ «ምን ልታሳየን ነው?» ትባላለች። እንደኔዋ የተሸፋፈነችው ደግሞ «በዚህ ሙቀት ተጠቅልሎ ይሮጣል እንዴ?» ትባላለች። የዓለም እግር ኳስ ሕግ አውጪዎች በ2006 ዓ.ም. ሒጃብ አድርጎ መጫወትን ፈቅደው ጉዳዩን ዘግተዋል። የኛ ኮሚቴ ግን አይቸኩልም። እስከ ዛሬ እየመከረበት ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የሕክምና ክፍሉ ነው። «ተይ፣ ማህፀንሽ ይጎዳል!» ይላታል ዶክተሩ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ። ደራርቱ ቱሉ ከወለደች በኋላ ተመልሳ በ1993 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሲድኒ 10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስትወስድ ዶክተሩን አላማከረችም መሰለኝ። ደግሞ ማህፀን የሚጎዳው በሩጫ ብቻ ነው። ሃያ ሊትር ጄሪካን አዝላ ዳገት ብትወጣ ምንም አይነካትም። ማንም በረንዳ ላይ ሆኖ «ተይ» ሲላት ሰምቼ አላውቅም።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ሴት ስፖርተኛ አይወዱም እንዳይመስላችሁ። ኦሎምፒክ ሲመጣ እዩልኝ። ደራርቱ፣ ጥሩነሽ፣ መሠረት፤ የአባት ስም እንኳ አይጨመርም፣ የቤት ልጅ ናቸው። በ1984 ዓ.ም. የባርሴሎናው ወርቅ ሲወራ ያኔ ያልተወለደው ሁሉ በዓይኑ እንዳየ ሆኖ ይተርካል። የመጨረሻው ዙር ላይ «አንቺ ጀግና!» ብሎ የሚያለቅስ አለ። ልጅቱ ባንዲራ ለብሳ ስትዞር እንባውን ይጠርግና ወደ ጓዳ ይጣራል፦ «አንቺ፣ ስኒውን አንሺ እንጂ! ምን ተገትረሽ ታያለሽ?»

ሜዳውም ለሴቶች ክፍት ነው፣ ሐሜት አይሁንብን። ወንዶቹ ሦስተኛውን ጨዋታ ጨርሰው፣ ገና ሳይመሽ ባለው ጊዜ ውስጥ መጫወት ይቻላል። እስከዚያው ሴቶቹ ከጎሉ ጀርባ ጃኬትና ሞባይል ይጠብቃሉ። የካቲት 29፣ የሴቶች ቀን ሲደርስ ደግሞ ቲሸርት ይታደላቸዋል፤ ሩጫ አለ፣ ፎቶ አለ። ቲሸርቱ ጥሩ ነው፤ እኛ ቤት እስካሁን ወለል ይወለወልበታል።

እኔም አንድ ሰሞን እዚያ በረንዳ ላይ አባል ነበርኩ፣ አልዋሽም። ልጅቱ የእህቴ ልጅ ስትሆን ነው የለቀቅኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ ዶክተሩ በተግባር ሊያሳያት ተነሣ። «ሩጫ እንዲህ ነው!» ብሎ ነጠላ ጫማውን አውልቆ ከኋላዋ ተፈተለከ። በረንዳው በሙሉ አጨበጨበ። እሷ ዞራም አላየችው፣ በዚያው ሰፊ ጫማዋ ቀጥ ብላ ዳገቱን ወጣች። እሱ ሦስተኛው የመብራት ምሰሶ ጋ ጎንበስ ብሎ፣ ጉልበቱን ይዞ ቀረ። ውሃ ወሰድንለት።

ደግነቱ ማህፀን የለውም።