ማስተካከያ፦ ሊኑክስ በፕሌስቴሽን 3 ላይ

ባለፈው ጽሑፌ ስለ ሶኒ ጌም መጫወቻ «ማንኛውም ፕሌስቴሽን 3 ሊኑክስ ይጭናል» ብዬ ነበር፤ ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ሲስተም ነው። ስህተት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስህተቴን ያወቅሁት ደብረ ብርሃን፣ አንድ ጌም ቤት ውስጥ ነው። ጽሑፌን ያነበበ ልጅ ቀጭኑን ሞዴል ገዝቶ ጠበቀኝ። ሴቲንጉን ከላይ እስከ ታች አየነው። ሌላ ሲስተም መጫኛ የሚባል ነገር የለም። በዚያ ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ ስክሪኑ ላይ ሲያፈጥ አንጀቴን በላው።

እውነቱ ይኸው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ወፍራሙ ሞዴል ሊኑክስ እንዲጫንበት ይፈቅድ ነበር። በ2009 የመጣው ቀጭኑ ግን ከመጀመሪያውም አይፈቅድም። ወፍራሙም ቢሆን፣ ኤፕሪል 1 ቀን 2010 የወጣው 3.21 የተባለው አፕዴት ከተጫነበት አበቃ። ስለዚህ ያገለገለ ወፍራም ሞዴል ስትገዙ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ሴቲንግ ገብታችሁ የሲስተሙን ቁጥር (ቨርዥኑን) እዩ። ከ3.15 መብለጥ የለበትም። ካገኛችሁም አፕዴት አድርግ ሲላችሁ እሺ እንዳትሉ!

«ጌምም በሊኑክሱ እንደ ልብ ይሠራል» ማለቴም ልክ አይደለም። ሊኑክሱ የግራፊክስ ቺፑን፣ ማለትም የጌሙን ምስል የሚሠራውን ክፍል፣ እንዳይጠቀም ተቆልፎበታል። ዋናው ራምም 256 ሜጋባይት ብቻ ነው። ፕሮግራሚንግ ለመለማመድ ግን ይሆናል።