ታንኳ አዳራሽ ውስጥ አይሠራም

ባለፈው ሳምንት እዚህ ባሕር ዳር አንድ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። ነገሩ ጣና ዳር ላሉ ቀበሌዎች ስለመጡት የሶላር ቦርሳዎች ነው። የሚታጠፍ ሶላር፣ ባትሪ፣ የድምፅ መቅረጫና ሁለት ታብሌት ይዘዋል። ወጣቶች የአያቶቻቸውን ታሪክ ይቀርጹባቸዋል፣ በዚያው ታብሌቱንም ይለምዳሉ ተብሎ ነበር። ውሳኔው ግን ምን ሆነ? ቦርሳዎቹ ከተማ ይቀመጡ!

«ገጠር ከሄዱ ይበላሻሉ። ሽማግሌዎቹ እዚህ መጥተው ይቀረጹ፤ መብራቱም አዳራሹም አለ» አሉ አንድ ኃላፊ። ይህን ሲሉ ጄኔሬተሩ ደጅ ላይ ይንጫጫ ነበር።

ሌላው ተነስተው «ገበሬው ቴክኖሎጂ አይገባውም» አሉ። ወንድሜ፣ ያ ገበሬ ጣሪያው ላይ ሶላር ሰቅሎ ስልክ ቻርጅ ማድረግ ከጀመረ ቆየ። ገበያ ሲወጣ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ዘፈን አስጭኖ ይመለሳል። ኔትወርክ የለም አትበሉኝ፤ ለመቅረጽ ኔትወርክ አያስፈልግም። በአንድ ማይክ የተቀዳ ጥራቱ ያልተቀነሰ ድምፅ በሰዓት የሚይዘው 300 ሜጋባይት ገደማ ነው። ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ 200 ሰዓት ያህል ወሬ ይችላል።

እኔን ያናደደኝ ግን «እዚህ ይምጡ» የሚለው ነው። እስቲ ደንገል ከሚባለው የሐይቅ ዳር ተክል ታንኳ የሚሠራውን ሰው አምጡት። ወንበር ስጡት፣ የታሸገ ውሃ አቅርቡለት፣ ማይክ ደቅኑበት። «አባባ፣ ታንኳ እንዴት ይሠራል?» በሉት። «ደንገሉን እናጭዳለን፣ እናደርቃለን፣ እናስራለን» ይላችኋል። አለቀ። አበሉን ፈርሞ ይሄዳል።

እኔ ግን ውሃው ዳር ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። አንድ ሽማግሌ ታንኳ ሠሪ የደንገሉን ነዶ በጉልበታቸው ተጭነው የገመዱን ጫፍ በጥርሳቸው ያዙ። ጠበቅ አደረጉና ተፉት። «ይሄ ደንገል ቀጭን ነው» አሉ። ለምን ቀጠነ? ልጅ ሆነው ያጭዱበት የነበረውን ቦታ እምቦጭ አረም ስለወረሰው ነው። ከዚያ ስለ አባታቸው፣ ከዚያ ማዕበል ስለገለበጣቸው ሌሊት አወሩ። ማንም አልጠየቃቸውም። ወሬውን ያመጣው እጃቸው ላይ ያለው ደንገል ነው። የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ስልክ ይዛ ትቀርጻለች፤ ድንጋይ አስደግፋ፣ ነፋሱን በነጠላዋ ከልላ። እሱንም ማንም አላሠለጠናትም። ባትሪው 3 በመቶ ሲል ስልኩ ጠፋ። የዚያ ሌሊት ወሬም እዚያው ተቋረጠ። ያ ቦርሳ የሚያስፈልገው ለዚህች ልጅ ነው።

ጣና ዳር ባለችው ዘጌ በሬ ለምን እንደማይጠመድ የሚጠይቅ ሰውም ቡናው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠይቅ፤ ፕሮጀክተር ሥር የሚገኘው መልስ ሌላ ነው።

አዎ፣ ክረምት ላይ ደመናው ሶላሩን ያዳክመዋል። ክረምት ላይ አስፋልቱም ይቦረቦራል፤ መንገድ መሥራት ግን አልተውንም። «ይደርሳል፣ ምን ያስቸኩላል» ለሚሉኝ ደግሞ እዚሁ አጠገባችን ያለውን የነገደ ወይጦ ሕዝብ እጠራላቸዋለሁ። ዛሬ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው። የጥንት ቋንቋቸውን የሚናገር ሰው የለም፤ የቀረም የድምፅ ቅጂ የለም። የትኛውን ሽማግሌ ወደ አዳራሽ ልንጠራ ነው?

ትናንት ቦርሳዎቹን ላይ ብዬ ሄጄ ነበር። ከነካርቶናቸው አንድ ክፍል ውስጥ ተደርድረዋል አሉኝ። በሩ ተቆልፏል። ቁልፉን የያዘው ሰውዬ መስክ ወጥቷል።