ንጉሡ ራሳቸው የለሰኑት ቤተ መንግሥት

ባለፈው ቅዳሜ ከአገር ቤት የመጣ ዘመዴን ይዤ ኦስሎ ቤተ መንግሥት ፊት ቆሜያለሁ። አጠገባችን አንድ አስጎብኚ የታጠፈ ጃንጥላውን እንደ ጅራፍ እየወዘወዘ፣ "ይህን የሠሩት ንጉሥ ካርል ዮሃን ናቸው" አለ። ጎብኚው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። የኔውም ሰው ነቀነቀ፤ "እጃቸው ይባረክ!" አለኝ።

አሜን፣ ይባረክ። አማርኛችን "ሠራ" እና "አሠራ" ብሎ ለይቶ ሰጥቶን ነበር፤ ግን ለአንዲት "አ" ማን ትንፋሹን ይጨርሳል? ሕንፃ ባየ ቁጥር "የትኛው ንጉሥ ሠራው?" የሚል ሰው ጊዜ ቆጣቢ ነው። አንድ ስም ይዞ አገር ይጨርሳል።

ደግሞስ እውነት ቢሆንስ? ጊዜው እ.ኤ.አ. 1825 ነው። ንጉሡ ስዊድንንና ኖርዌይን አንድ ላይ የሚገዙ፣ የናፖሊዮን ማርሻል የነበሩ ፈረንሳዊ፣ መኖሪያቸው ስቶክሆልም፣ ኖርዌይኛ የማይችሉ። ማለዳ ተነሥተው ዘውዳቸውን ሚስማር ላይ ይሰቅላሉ፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው አሸዋ ይነፋሉ። በፈረንሳይኛ "ጡብ!" ሲሉ ረዳቱ ውሃ ያመጣላቸዋል። ውሃ ልክ ሲሉ ባሬላ። በ1827 ፓርላማው "ከዚህ በላይ ገንዘብ የለም" ብሎ ሥራው ሲቆም፣ ቱምቢያቸውን ኪሳቸው ከትተው ያለ ቀን ሥራ ይቀመጣሉ። በ1833 ተጠርተው ይመለሳሉ። በ1844 ያርፋሉ። ሌላ ግንበኛ ቢሆን እዚህ ላይ በቃኝ ይል ነበር። እሳቸው ግን የጀመሩትን የማይተው ሰው ናቸውና ሌሊት ሌሊት ከስቶክሆልም መቃብራቸው እየተነሡ ለስነው፣ ቀለም ቀብተው፣ በ1849 ለልጃቸው ለኦስካር ቁልፉን አስረከቡ። ሒሳባቸውንም አልጠየቁም።

በዚያ ሁሉ ዓመት ሃንስ ሊንስቶ የሚባል ሰውም በግንባታው አካባቢ ይታይ ነበር። ዴንማርክ ተወልዶ ኖርዌይ የኖረ፣ ትምህርቱ ሕግ። እርሳስ ይዞ ይዞራል። የፓርላማው ገንዘብ ሲያጥር ንድፉን ያሳጥራል፣ ገንዘብ ሲገኝ ፎቅ ይጨምራል። ጀርመን ድረስ ሄዶ አዳዲስ ሕንፃ አይቶ ይመለስና ደግሞ ይስላል። ትርፍ ሰው።

አሁንስ ቀልዱ ይቅር። ሰውየው ዕድሜውን ነው የሰጠው! ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ላይ ጀምሮ ስልሳ ሁለት ሲሞላው ጨረሰ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሞተ። ገንዘቡም ቢሆን ከንጉሡ ኪስ ብቻ የወጣ አይደለም፤ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ያሰበውን ረስቶ፣ የከፈለውን ረስቶ፣ ኖረውበት እንኳ የማያውቁትን ሰውዬ "ሠሩት" ማለት ሌብነት ነው። ጃንጥላ ስለያዙ አይቀልም።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ከቤተ መንግሥቱ ወደ ከተማው የሚወርደውን ሰፊ ጎዳናም ያቀደው ይኸው ባለ እርሳስ ነበር፣ በ1838። በ1851 ሞተ፤ በዓመቱ ጎዳናው የካርል ዮሃን ተባለ። ንጉሡ ዛሬ እዚያው ቤተ መንግሥቱ ፊት ከነሐስ ፈረሳቸው ላይ ሆነው የእጅ ሥራቸውን ይጠብቃሉ።

ሊንስቶም ግን ጨርሶ አልተረሳም። ከፓርኩ ጀርባ በስሙ አንዲት አጭር መንገድ አለችው። ዘመዴን ወስጄ ሰሌዳውን አሳየሁት። አንገቱን አቅንቶ ፊደል በፊደል አነበበና ዞር አለ።

"እኚህስ የየት አገር ንጉሥ ነበሩ?"