ፊቷን አየሁት፤ ጀርባዋስ?

ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። እኔ ባለሁበት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በዚህ ሰዓት የሚጮህ ስልክ ወይ መርዶ ነው ወይ ከአገር ቤት ነው። ደንግጬ አየሁት። የአንዲት ሳንቲም ፎቶ። ከሥሩ «ጋሼ፣ ይቺ ስንት ታወጣለች?» ይላል። እንዴት አደሩ የለ፣ ደህና ሰነበቱ የለ።

ጥፋቱ የኔ ነው። አንድ ሰርግ ላይ አሮጌ ሳንቲም እንደምሰበስብ አምልጦኝ ተናገርኩ። ከዚያ ወዲህ የሚያውቀኝ ሁሉ መሳቢያውን እየገለበጠ ይልክልኛል። የሚልኩት ደግሞ ፊቷን ብቻ ነው። እንደ ድሮ የሙሽራ ፎቶ።

ይቺኛዋ ክንፍ ያለው ቆብ የደፋች ሴት ናት። «ሜርኩሪ ዳይም» ይሏታል፤ ዳይም የአሜሪካ አሥር ሳንቲም ነው። ሜርኩሪ የሮማውያን ወንድ አምላክ ነው፤ እሷ ነፃነት ናት። ስም አንዴ ከወጣ ማን ይመልሰዋል! ፎቶውን የላከው ልጅ 1916 የሚለውን ዓመት በቀይ አክብቦታል። ሺህ ዶላር ያወጣል ሲባል ቪዲዮ ላይ ሰምቷል። ያወጣል፤ ዴንቨር ባለው የሳንቲም ማምረቻ የተቀረጸች ከሆነች። ያን ዓመት ዴንቨር የቀረጸው 264,000 ብቻ ነው። ፊላደልፊያ ግን ከ22 ሚሊዮን በላይ አወጣ። የዴንቨሯ ፊቷ አልቆ እንኳ ብዙ መቶ ዶላር ትጠራለች። የፊላደልፊያዋ እንዲህ ካረጀች የብር ማዕድኗ ዋጋና ትንሽ ጉርሻ ናት። ልዩነታቸው ዴንቨር ለማለት የተቀረጸች አንዲት የዲ ፊደል ነች፣ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ። ያለችውም ጀርባዋ ላይ ነው፤ መጥረቢያ ከተሰካበት የበትር እስር ግርጌ በስተግራ፣ «ዋን» ከሚለው ቃል አጠገብ።

«ጀርባዋን ላክልኝ» አልኩት።

«ጋሼ፣ ከዓመቱ በላይ አይቻለሁ፣ ምንም ፊደል የለባትም። ስህተት ናት ማለት ነው። ስህተት ደግሞ ውድ ነው።»

ፊደሉ ከዓመቱ በላይ መቀመጥ የጀመረው እኮ በ1968 ነው! ፊላደልፊያም ዳይም ላይ የራሱን ፊደል፣ ፒን፣ ያደረገው በ1980 ነው። ይቺን በሚያህል አሮጌ ዳይም ፊደል የለም ማለት ፊላደልፊያ ማለት ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። በ1982 ፒዋን የዘነጉባቸው አሉ፣ እነሱ በእርግጥ ያወጣሉ። ያን ግን አልነገርኩትም። ቢሰማ የመኪናውን ሳንቲም ሁሉ ፎቶ አንስቶ ነው የሚልክልኝ።

ቀጥሎ የባሰውን አመጣ። «በጥርስ ሳሙና ፈትጌ አነጣኋት፣ አታምርም?»

ሲያጌጡ ይመላለጡ! ከተረት ሁሉ ይቺን እወዳለሁ። ሁለት ቃል ናት፣ ግን ግማሽ ዘመዴ ውስጧ አለ። አክስቴ የብር መስቀሏን ጥምቀት በመጣ ቁጥር በአመድና በሎሚ ትፈትግ ነበር። ሐረጉ እየሳሳ፣ እየሳሳ፣ መጨረሻ ላይ መስቀሉ የማንኪያ እጀታ መሰለ። «እንዴት ታበራለች!» ይሏታል ጎረቤቶቿ። ተረቷን ያስተማረችኝም እሷ ራሷ ናት፤ ጸጉሯን በተኩስ ስለጨረሰች ጎረቤት ስታወራ። ሰብሳቢ የሚከፍለው ብር ሲያረጅ ለሚያመጣት ለዚያች ጥቁረት ነው። የተፈተገ ሳንቲም በጨረፍታ ያስታውቃል፤ ጭረቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይተኛል።

ሰብሳቢ ካልኩ አይቀር፣ እኛ ላይ የተሠራውን ግፍ ልንገራችሁ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ዝርዝር ጠፋ። «የደበቁት ሰብሳቢዎች ናቸው» ተባለና እንዳንለቅማቸው ከ1965 እስከ 1967 ፊደሉ ከሳንቲሞቹ ሁሉ ተነሳ። የብር ማዕድኑም ከዳይም ውስጥ የወጣው ከ1965ቷ ጀምሮ ነው፤ ጠርዟን ስታዩ መዳቡ ብቅ ይላል። እንግዲህ ያን ሁሉ ዝርዝር የበላው የኔ ቢጤ ነው!

ዝርዝር ሲጠፋ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። አዲስ አበባ የታክሲው ረዳት ሳንቲሙን እጁ ውስጥ እያቅጨለጨለ «ዝርዝር የለም» ይለኝ ነበር። ባለሱቁ ደግሞ በመልስ ፈንታ ማስቲካ ይሰጠኛል። አንድ ቀን ያጠራቀምኩትን ማስቲካ ይዤ ሄድኩና ዳቦ ስጠኝበት አልኩት። እንደ እብድ አየኝ። እሱ ሲሰጠኝ ገንዘብ ነው፣ እኔ ስሰጠው ማስቲካ ነው? ረዳቱማ ስሙኒ አስቀርቶብኝ «ለስሙኒ ስትጨቃጨቅ አታፍርም?» ብሎኛል፣ ሰው ፊት። ማፈር የነበረበት ማን ነው? የበላው ነው የተበላው?

ስሙኒ እኮ ቀላል ሳንቲም አይደለችም። በእኛ 1936 የሚለው የመጀመሪያው ስሙኒ ክብ ነበር። ሰው የብር ቀለም እየቀባ ሽልንግ፣ ማለትም ሃምሳ ሳንቲም ነው እያለ ሲሸውድበት ነው ጠርዙ እንደ አበባ የተቆረጠው። እሷም የፊላደልፊያ ልጅ ናት፣ እሷም ፊደል የላትም። ረዳቱ ይህን ቢያውቅ ኖሮ... አያውቅም።

ስልኬ እንደገና ጮኸ። ዳይሟ፣ ለካ! ጀርባዋን ልኳል። በትሩ ይታያል፣ መጥረቢያው ይታያል፣ የወይራው ቅርንጫፍ እንኳ ቅጠል በቅጠል ይታያል። «ዋን» አጠገብ ያለችውን ቦታ ልጁ በአውራ ጣቱ ይዟታል።