ገና ነው፤ ቀን አለ

ሐምሌ 30 ቀን ጅማ ላይ ዝናብ ቢዘንብ ማንም አይገረምም። ያስገርም የነበረው ከግብር ቢሮው ቆርቆሮ ክፈፍ ሥር ተጠጋግቶ የሚቆመው ሰልፈኛ ነው። ደረጃ «ሐ» ሲባል የኖረው ትንሹ ነጋዴ ግብር የሚከፍለው ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 30 ነበር። ሠላሳ ቀን ሙሉ። በመጀመሪያዎቹ ሃያ ቀናት ገንዘብ ተቀባይዋ ሻይዋን ሳይቀዘቅዝ ጠጥታ ትጨርስ ነበር። ሐምሌ 30 ሲሆን ግን የጅማው መርካቶ ሱቁን ዘግቶ ይመጣ ነበር። የሂርማታ ሰፈርም ይከተል ነበር።

ስንፍና ነው የሚሉ አሉ። አልገባቸውም። ሰነፍ ሰው ቀኑን ይረሳል። እኛ ቀኑን አብጠርጥረን እናውቃለን። የአረፋን በግ ከአረፋ በፊት የማያርድ፣ የፋሲካን ዶሮ በሕማማት የማይነካ ሕዝብ ግብሩን ለምን ከቀኑ በፊት ይከፍላል? ነገር ሁሉ በቀኑ ያምራል።

እንዲያውም ቀድሞ የሚጨርስ ሰው ያሳስባል። ሐምሌ 3 ከፍሎ ሲወጣ የታየ ነጋዴ ሰፈሩን ያስጨንቃል። «ምነው፣ ታሟል እንዴ?» «አገር ሊለቅ ነው መሰለኝ።» «ሚስቱ ታውቃለች?» ይባላል። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ለዕድርም አይታመንም።

አንድ ዓመት እዚያው ሰልፍ ላይ ከፊቴ አንዲት እናት ቆመው ነበር። ነጠላቸው ላይ ፌስታል ደርበዋል። ሌላውን ፌስታል ደብተራቸው ለብሶታል። ደብተሩ ከእሳቸው በተሻለ ደርቋል።

«እማማ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የቆሙት?»

«ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ልጄ።»

«ትናንት ቢመጡ አይሻልም ነበር?»

ዞር ብለው አዩኝ። «ትናንትማ ማን አለ? ብቻዬን ምን ልሠራ?»

ነገሩ ሁሉ ያኔ ተገለጠልኝ። ለካ መንግሥት የሚሰጠን የመክፈያ ቀን አይደለም፤ የመገናኛ ቀን ነው። በዚያች ሰልፍ ላይ ማን እንደሞተ ትሰማለህ፣ ማን ልጁን እንደዳረ ትሰማለህ። የቡና ዋጋ ከነጋዴው አፍ በቀጥታ ይደርስሃል። ይህን ሁሉ ትቶ ሐምሌ 3 ባዶ አዳራሽ ገብቶ በአምስት ደቂቃ መውጣት ምን ይሉታል?

ይህ ጥበብ ባሕር ማዶ ይሠራ እንደሆነ በገዛ ራሴ ላይ ሞክሬዋለሁ። ሐምሌ 10 ቀን 2011 ዓ.ም. ለትምህርት ባንኮክ ገባሁ። ታይላንድ ውስጥ ሳይወጣ ከ90 ቀን በላይ የሚቀመጥ የውጭ ሰው በየ90 ቀኑ አድራሻውን ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት። ቲኤም 47 የምትባል አንዲት ፎርም አለች። ክፍያ የላትም። ቪዛም አታራዝምም፤ ቪዛው ራሱን የቻለ ሌላ ጣጣ ነው። «አለሁ፣ ያው ቤት ነኝ» ማለት ነው፣ በቃ። ከአገር ወጥተህ ከተመለስክ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

እኛ አገር ይህን ሥራ የሚሠራው ጎረቤት ነው። እዚያ አከራዩም እንግዳ ባሳደረ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅ ሕግ ያስገድደዋል። ጅማ፣ ቦቸ ቦሬ ሰፈር 24 ሰዓት ምን ያደርጋል? ሻንጣህ ከባጃጅ ሳይወርድ ደመወዝህ ታውቋል።

ልቤን የነካው ግን የጊዜ ገደቡ ነው። በአካል ከሄድክ ቀኑ ሊደርስ 15 ቀን ሲቀረው ጀምሮ፣ ካለፈም በኋላ እስከ 7 ቀን ድረስ ይቀበሉሃል። ካለፈ በኋላ! ሰባት ቀን! ስሰማ ዕንባዬ መጣ። ይህን ሕግ ያረቀቀው ሰው አንድ ክረምት ጅማ አሳልፎ መሆን አለበት። «15 ቀን ሲቀረው» የሚለውን መስመር ዘለልኩት። ለእኔ እንዳልተጻፈ ያስታውቃል።

በዚያ ላይ የዘመን ነገር አለ። ታይላንዶች የሚቆጥሩት በቡድሃ ዘመን ነው። እኛ 2011 ስንል እነሱ 2562 ደርሰዋል። ከቦሌ ተነስቼ በአንድ ሌሊት 551 ዓመት ተሻገርኩ። 551 ዓመት ዘግይቶ የመጣ ሰው ስለ ሰባት ቀን ይጠየቃል?

ይጠየቃል።

ሒሳቡን በእኛ አቆጣጠር ነበር የያዝኩት። ወራችን ሠላሳ ሠላሳ ስለሆነ ሦስት ወር ማለት ልክ 90 ቀን ነው። ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። ከሐምሌ 10 ሦስት ወር ስትቆጥር ጥቅምት 10 ትደርሳለህ። የሰባት ቀን ምሕረቷን ጨመርኩባት። ጥቅምት 17 ጠዋት ፀጉሬን ተቆርጬ፣ ሸሚዝ አስተኩሼ፣ የመጨረሻዋን ቀን ላከብር ሄድኩ።

ጳጉሜን ረስቻት ኖሯል። ያውም በ2011 ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበረች።

መስኮቱ ላይ የነበረችው ሴት ፓስፖርቴን ገለጠች። ማሽኗን ነካ ነካ አደረገች። ካልኩሌተር አንስታ 2,000 ጻፈችና ወደ እኔ አዞረችው። ሁለት ሺህ ባት። ያኔ ከመንገድ ዳር አንድ ሰሃን ሩዝ በ50 ባት እበላ ነበር። የአርባ ቀን ምሳ ማለት ነው። የዓቢይ ጾም ሲደመር ሲቀነስ።

ተከራከርኩ እንጂ ዝም አላልኩም። እኛ ዘንድ ወሩ አሥራ ሦስት መሆኑን አስረዳኋት። አሥራ ሦስተኛዋ አንዳንዴ አምስት አንዳንዴ ስድስት ቀን እንደምትሆን፣ ደመወዝ እንደማይከፈልባት፣ ስለዚህ ማንም እንደማይቆጥራት ነገርኳት። በጣቶቼ ጭምር። በትሕትና ሰማችኝ። ፈገግ አለች። ደረሰኙን ጻፈች። የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ ስንል የኖርነው ለካ ቱሪስት ፊት ብቻ ነው የሚሠራው።

ከቅጣቱ ይልቅ የከፋኝ ሌላ ነው። የወረፋ ቁጥር ከማሽን ይወጣል። ሰው ቁጥሩን ይዞ ወንበር ላይ ቁጭ ይላል፤ ስልኩን ያያል። «ከማን በኋላ ነህ?» የሚልህ የለም። «ያቺን ሴትዮ አውቃታለሁ፣ ላስገባህ» የሚል የለም። የማያስገፋ ሰልፍ ምኑ ሰልፍ ነው? ሲጨርሱ የፎርሙን ቁራጭ የሚቀጥለውን ቀን ጽፈውበት ፓስፖርትህ ላይ በስቴፕለር ይመቱልሃል። ሰበብህን ሁሉ በአንድ ስቴፕለር ጨረሱት ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ አሥር ቀን ቀድሜ መሄድ ለመድኩ። ለቤተሰብ አልተናገርኩም። እናቴ ብትሰማ ታዝናለች።

አገር ቤት ግን ጥበቡ አልጠፋም ነበር። መስከረም 2013 ብር ሲቀየር ለሕዝቡ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነው። ያው የእኔው 90 ቀን ገደማ! አክስቴ ከፍራሽ ሥር ያለውን መቶ መቶ ብር ባንክ ያደረሰችው በመጨረሻው ሳምንት ነው። በስልክ «እስካሁን ምን ትሠሪ ነበር?» አልኳት። «ይራዘማል ብዬ ነዋ» አለች። ይህቺን ቃል አስተውሉልኝ። «ይራዘማል።» ይህን ያህል በመንግሥት ላይ እምነት ያለው ሕዝብ የት ይገኛል? ሌላው ዓለም መንግሥቱ የተናገረውን ያምናል። እኛ ገና ያልተናገረውን እናምንለታለን።

በእርግጥ ከጅማም ከዚህ ወግ ያፈነገጠ አልጠፋም። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው፣ በየዓመቱ ግብራቸውን እየላኩ፣ ግዛታቸውን ራሳቸው ሲያስተዳድሩ ኖሩ። ጎረቤቶቻቸው በጦር ሲፈቱ እሳቸው ቤተ መንግሥታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ከተማቸውን ቁልቁል ያዩ ነበር። ቤቱ ጅሬን ላይ አሁንም አለ። ግብር በጊዜው የከፈለ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ሙዚየም ሆኗል።

አሁን ወደ እንግዳችን ልምጣ። ጅማ ውስጥ ፈረንጅ አራዳ በሚባለው ሰፈር ተከራይቶ የሚኖር አንድ ፈረንጅ መምህር አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳውቀው ያሳዝን ነበር። የሥራ ፈቃዱም የመኖሪያ ፈቃዱም በየዓመቱ ይታደሳል። እሱ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ይጀምራል። ፓስፖርቱን ኮፒ፣ የኮፒውን ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ በደርዘን፣ ሁሉንም በቀለም በተለያየ ክላሰር ይዞ ይዞራል። የጅማ ነገሥታት በፈረሳቸው ስም አባ እገሌ ይባሉ ነበር። እሱ ፈረስ ስለሌለው ሰፈሩ «አባ ኮፒ» አለው።

ክላሰሩን ታቅፎ ቢሮ ሲሄድ ደግሞ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ገና ነው፤ ቀን አለህ። ሊያልቅ ሲል ና።»

ደንግጦ ወደ እኔ መጣ። «ሊያልቅ ሲል ማለት ስንት ቀን ሲቀረው ነው?» አለኝ። ካላንደሩን አውጥቷል፤ እስክሪብቶም ይዟል። ምን ብዬ ልመልስ? እኔ ራሴ ይህን የማውቀው በሆዴ እንጂ በቁጥር አይደለም። ልብህ መምታት ሲጀምር ያን ጊዜ ነው አልኩት። ጻፈው።

እንግዲህ የሕዝብን ባሕል የሚማር ሰው ቋንቋ ብቻ አይማርም። በሁለተኛው ዓመት ክላሰሩ አንድ ብቻ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት ወረቀቶቹ ፌስታል ውስጥ ገቡ። ዘንድሮ ከጓደኞቼ ጋር ቡና ስንጠጣ አንዱ «ፈቃድህ መቼ ነው የሚያልቀው?» አለው። አባ ኮፒ ስኒውን አስቀመጠ። እጁን በአየር ላይ ገፋ አደረገና «አቦ ተወኝ፣ ገና ነው» አለ። ማንም አላስተማረውም። ጭብጨባ ነበር።

ባለፈው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «ዛሬ ያልቃል» አለኝ። «ፎቶኮፒ ቤት ስንት ሰዓት ይከፍታል?» እየተነጫነጭኩ ተነሳሁ። የራሴም መንጃ ፈቃድ የምታልቀው በዚያው ሳምንት እንደነበር እግረ መንገዴን ትዝ አለኝ።

ቢሮው በር ላይ ስንደርስ ገና አልነጋም። ሰው አይታይም። ሰልፉ ግን አለ። አንድ ድንጋይ፣ ከጎኑ አንድ ቢጫ ጄሪካን፣ ሦስተኛ ላይ ደግሞ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ።

«የማን ነው?» አልኩት በርጩማውን እያየሁ።

«የእኔ» አለ። «ማታ ሦስት ሰዓት መጥቼ ነው ያስቀመጥኩት።»

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። የበርጩማው መቀመጫ ጎድጓዳ ስለሆነ ዝናቡ እስከ አፉ ሞልቶታል። ዘቅዝቆ ደፋውና በእጅጌው ጠርጎ እንድቀመጥ ጋበዘኝ።